ኮቶዋን አትሸፍኚያት

ልጄ፣ እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፣ ይመስገነው። የእናትሽ ጉልበት ትንሽ ይሻለዋል።

ለእህትሽ የላክሽላትን የልምምድ ቅጂ አሰማችኝ፣ አንቺ በቫዮሊን፣ ያቺ ልጅ ደግሞ በኮቶ፣ በዚያ ባለ ብዙ ክር የጃፓን መሣሪያ፣ እየፈጠራችሁ የምትጫወቱበትን። ለእኔ ባለመላክሽ አልተቀየምኩም። ደጋግሜ ሰማሁት። ቀስትሽ ከበፊቱ ረግቷል፣ የታችኛው ክርሽ ደግሞ አንጀት ይበላል። ግን ኮቶዋ የት ሄደች? ልጅቷ ክሯን ስትመታ ይሰማል። ወዲያው አንቺ ትገቢያለሽ፣ እሷ ትጠፋለች። እንደገና ብቅ የምትለው አንቺ ቀስትሽን ስትመልሺ ነው። እናቴ፣ ኮቶዋን አትሸፍኚያት።

ይሄ የችሎታ ጉዳይ አይደለም፣ የመሣሪያው ጠባይ ነው። ኮቶ ጥፍሩ ክሩን እንደለቀቀው ድምፁ መሞት ይጀምራል። ያንቺ ቀስት ግን እስካሻሽ ድረስ ድምፅ ይጎትታል። እሷ ደግሞ ከክሮቹ ሥር የሚቆሙትን ድልድዮች አሰልፋ 13ቱን ክሮች አንዴ ከቃኘች፣ እንደ ልቧ ወዲያ ወዲህ ማለት አትችልም። ከድልድዩ በስተግራ ያለውን ክር በግራ እጇ ተጭና ድምፁን ከፍ ታደርጋለች። አንቺ ግን ጣትሽን የትም ማሳረፍ ትችያለሽ። ስለዚህ ወደ እሷ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ክሩን ተጭና ድምፁ ሲወጣ ደግሞ ቪብራቶሽን፣ ያንን የጣትሽን ማንቀጥቀጥ፣ አቁሚና አድምጫት። የሷ ለቅሶ እዚያች ላይ ነው ያለው።

ልጅቷ ኮቶዋን ሂራጆሺ በሚባለው ቅኝት እንደምትቃኝ እህትሽ ነገረችኝ። ከሬ ከተነሳች ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት ነው። ወረቀት ላይ ጻፊው፣ አምባሰል ነው! እኔም ስጽፈው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከባዶ ክሮችሽ ሦስቱ፣ ሶል፣ ሬና ላ፣ እቅፍ አድርገው ይቀበሏታል። ሚ ግን ባዶውን እንዳትነኪው፣ ከሷ ሚ ፍላት ጋር ይጋጫል። ቅጂው መሐል ላይ አንዴ አምልጦሻል፣ ሰምቼዋለሁ። ሌላው ደግሞ፣ ድምፆቹ አንድ ናቸው ብለሽ የወሎን እንጉርጉሮ እንዳለ እንዳታፈሺባት። እሷ ዝም የምትልበት ቦታ አላት። ያንን ዝምታ ለመሙላት አትቸኩዪ። ፈጠራ ማለት ሁሌ መናገር አይደለም።

የማሲንቆውን ሰውዬ ነገር ነግሬሻለሁ፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው። በምሠራበት ቲያትር ቤት ከወሎ የመጣ ማሲንቆ ተጫዋች ከእኛ ከቫዮሊኖቹ ጎን አስቀመጡት። መሪያችን በፒያኖው ቃኝ አለው። ቃኘ። አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ከዚያ ሁሉ ቫዮሊን መሐል ምን ትሰማለች? ቀስቱ ሲሄድ ይታያል እንጂ ድምፁ የለም። ማታ ሁሉም ሲበተን ከጓሮ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ወደ ራሱ ቅኝት መልሶ መጫወት ጀመረ። እኔም ቫዮሊኔን አውጥቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ልገባ ስል በዓይኑ አስቆመኝ። «ቆይ ልጄ፣ ልጨርስ» አለኝ። ሐረጉን ጨርሶ ቀስቱን ሲያነሳ አንዲት ድምፅ ከታች አስገባሁለት። ራሱን ነቀነቀ። እንደዚያ እየተቀባበልን ዘበኛው ቁልፍ ይዞ እስኪመጣ ቆየን። በሕይወቴ እንደዚያ ማታ ተጫውቼ አላውቅም። እሁድ ቤቴ ና ብሎኝ ነበር። ከቡድኑ ጋር ሐረር ለሥራ ላኩን። ስመለስ ታሞ ደሴ ገብቷል አሉኝ፣ ከዚያ ማረፉን ሰማሁ። ያን ማታ የቀዳ ሰው የለም። አንዲት ካሴት እንኳ የለችም። ይኸው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ቅጂ! በየልምምዱ ቅጂ። ስልኩን ግን ከኮቶዋ አጠገብ አስቀምጪው፣ ካንቺ አጠገብ አይደለም። ያኔ ምን ያህል እንደምትሸፍኛት ራስሽ ትሰሚዋለሽ።

መንገዱን ደግሞ ጀማሪዋ አንቺ አይደለሽም። ዓይነ ስውሩ የኮቶ ሊቅ ሚያጊ ሚቺዮ በፈረንጆቹ 1929 ለኮቶና ለሻኩሃቺ፣ ለጃፓኖቹ ዋሽንት፣ የጻፈው ዜማ አለ። ረኔ ሸሜ የምትባል ፈረንሳዊት ቫዮሊኒስት በ1932 ጃፓን ስትሄድ የሻኩሃቺውን ክፍል ለቫዮሊን አዘጋጅታ ከራሱ ከሚያጊ ጋር ተጫወተችው። እሱ እንኳ በኖታ የተጻፈ ነው፣ የናንተን ዓይነት ፈጠራ አይደለም። ግን ልብ በይ፣ ቫዮሊኗ የገባችው በዋሽንት ቦታ ነው። ዋሽንት ነፊ ትንፋሽ ያጥረዋል። አንቺም ቀስትሽ ትንፋሽ ይኑረው። ፈልጊና ስሚው፣ ዛሬውኑ።

በቅጂሽ መጨረሻ ላይ የገባው ሻሚሰን፣ ያ ባለ ሦስት ክር የጃፓን መሣሪያ፣ ግን ልቤን ወሰደው። ያ ወፍራሙ ክር የሚያዜመው ንዝረት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እነሱ ሳዋሪ ይሉታል። ክሩ ከአንገቱ ጫፍ ላይ እንጨቱን ነካ እያደረገ ነው። የአያትሽ በገናስ? እንዝራዋ፣ ያቺ ከክሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ የምታወጣው ድምፅ ነው እኮ! ልጅ ሆነሽ በር ላይ ቆመሽ የምትሰሚው። ትምህርት ቤት ድምፅሽን አጥሪ እያሉ አሳድገውሻል፣ ያንን ንዝረት እንደ ጉድለት እንዳትቆጥሪው። እሱ ሲጮህ አንቺ ዝም በይ። ሻሚሰኑንም አትሸፍኚው፣ ኮቶዋንም አትሸፍኚያት። ስደጋግመው አትቆጪ።

ዝናባቸው እንደኛው ሰኔ ላይ ነው አይደል የሚገባው? እርጥበቱ የቫዮሊንሽን ማጣበቂያ ያላቅቀዋል። መስኮት ሥር አታስቀምጪው። ጠርዙ ከተከፈተ በሱቅ ሙጫ እንዳትነኪው፣ ባለሙያ ጋ ውሰጂው፣ ገንዘቡን እልካለሁ። በርበሬና ሽሮ በእህትሽ ጓደኛ በኩል ይደርስሻል።

የግራ እጅሽን ነገር ደግሞ ከእኔ ደብቀሻል። ሌሊት ይደነዝዛል አልሽ አሉ። ከኮንሰርቱ በኋላ የሚባል ነገር የለም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ያለሽንም ለእኔ ጻፊልኝ፣ ለእህትሽ አይደለም።

የሚወድሽ አባትሽ