ሕመም 3 ወር ካለፈው ስለ ስሜትም ይጠየቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ወገቡን ወይም አንገቱን ለወራት የሚያመው ሰው ምርመራው ሁሉ «ደህና ነው» ከተባለ በኋላ መጨረሻ ላይ «ጭንቀት ነው» ይባላል። እሱም «ሕመምህ የውሸት ነው» እንደተባለ ይቆጥረዋል፤ አይፈረድበትም። ስለ ስሜት መጠየቁ ትክክል ነው፤ ስህተቱ ጥያቄው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ መምጣቱ ነው።

ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም የሚመላለስ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። አንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር በሚወርዱ የነርቭ መስመሮች፣ ሴሮቶኒንና ኖራድሬናሊን በሚባሉ የነርቭ ኬሚካሎች አማካይነት፣ የሕመም መልእክትን ያዳክማል። ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ይህን ልጓም ያላሉታል፤ ሕመሙም በተራው እንቅልፍን፣ ሥራንና ወዳጅን እየነጠቀ ድብርቱን ያባብሳል። የትኛው ቀደመ ብሎ መከራከር ብዙ አይጠቅምም፤ ሁለቱም አብረው ይታከሙ።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ባለፉት 2 ሳምንታት ለነገሮች ፍላጎት ወይም ደስታ ማጣት፣ እንዲሁም መከፋት ወይም ተስፋ መቁረጥ ምን ያህል ጊዜ አጋጠመ? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ 3 ከሞላ ድብርትን ወደሚለካው ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ ይታለፋል። እዚያ ግን መጠንቀቅ ያሻል። እንቅልፍ፣ አቅምና የምግብ ፍላጎት በሕመሙም ስለሚዛቡ ብቻቸውን ነጥቡን ያንሩታል፤ ስለዚህ ደስታ ማጣትና ራስን መውቀስ ለብቻ ይታዩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ያለው ሰው ደግሞ በዚያው ቀን በደንብ ሳይመረመር አይሸኝ።

ለድብርትም ለነርቭ ሕመምም ስለሚታዘዘው መድኃኒት ስለ አሚትሪፕቲሊን ብዙ ግራ መጋባት አለ። ለነርቭ ሕመም ብዙውን ጊዜ ማታ በ10 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ይህ መጠን ድብርትን ለማከም አይበቃም። አፍ መድረቅና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲመጡ፣ ጥቅሙ ደግሞ ሳምንታት ስለሚፈልግ፣ ብዙዎች ቶሎ ይተዉታል። የልብ ምት መዛባት፣ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ወይም የፕሮስቴት እብጠት ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ከመጠን በላይ ከተወሰደ ሊገድል ስለሚችል፣ ራሱን ሊጎዳ ለሚችል ሰው የወር ፍጆታ በአንዴ ማስያዝ አደገኛ ነው። ትራማዶል የተባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ከብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲደባለቅ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል።

የሽንት መቆጣጠር ማቃት፣ አዲስ የእግር መዛል፣ ትኩሳት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በአስቸኳይ ሐኪም ይየው።

ከመድኃኒት ውጭ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የእንቅስቃሴ ልኩ ነው። ሕመምተኛው ደህና በዋለበት ቀን የሳምንቱን ሥራ ይጨርስና ቀጥሎ ቀናት ይተኛል፤ ሲተኛ ይከፋዋል፣ ጡንቻውም ይዝላል። መፍትሔው ልክ ማበጀት ነው። ሕመሙ ሳይብስ የተኬደባቸው ደቂቃዎች 10፣ 20 እና 15 ከሆኑ አማካዩ 15 ነው፤ ከዚያ አንድ አምስተኛ ተቀንሶ በ12 ይጀመራል፤ በየሳምንቱም አንድ ደቂቃ ገደማ ይጨመራል። ለታማሚው የሚከብደው በከፋው ቀን 12ቱን መሄድ ይመስላል፤ እንዲያውም ይበልጥ የሚያስቸግረው ደህና በሆነበት ቀን በ12ኛው ደቂቃ ማቆም ነው።

የሕመም ሕክምናና የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች