ዳንቴና ዘፋኙ ወዳጁ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? መቼም ተጠፋፍተናል። ብዙ የምነግርሽ አለ፤ ዛሬ ግን በአንዱ ልጀምር። የጣሊያናዊውን ባለቅኔ የዳንቴን «መለኮታዊ ኮሜዲ» ቀስ እያልኩ እያነበብኩ ነው። 100 ካንቶ፣ ማለትም ምዕራፍ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ሲኦሉ ያወራል። እኔን የያዘኝ ግን ሁለተኛው ክፍል፣ ነፍሳት ከኃጢአታቸው የሚነጹበት ተራራ ነው። ካንቶ 2 ላይ ስደርስ አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ ብዕር ያነሳሁትም ለዚህ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1300 ፋሲካ፣ ማለዳ ነው። የግጥሙ ተጓዥ ዳንቴ ራሱ ነው፤ ከመሪው ከጥንቱ ሮማዊ ባለቅኔ ከቨርጂል ጋር ከሲኦል ወጥቶ ተራራው ሥር ባሕሩ ዳርቻ ቆሟል። መልአክ በክንፉ የሚነዳት፣ መቅዘፊያም ሸራም የሌላት ጀልባ ትመጣለች። ከመቶ በላይ ነፍሳት እስራኤል ከግብፅ የወጡበትን መዝሙር በአንድ ድምፅ ይዘምራሉ። በእኛም ዳዊት 113ኛው ነው። ሲወርዱ አንዱ ከመሀል ወጥቶ ዳንቴን ሊያቅፈው ይመጣል። ዳንቴም እጁን ይዘረጋል። ሦስት ጊዜ ያቅፈዋል፤ ሦስቴም እጆቹ ባዶአቸውን ደረቱ ላይ ይመለሳሉ። ነፍስ ምን ሥጋ አላት!

ልብ በይ፣ እስካሁን ማን እንደሆነ እንኳ አላወቀውም። ሰውየው ፈገግ ብሎ ወደ ኋላ ይላል። በለሰለሰ ድምፅ «ተው» ሲለው ያኔ ይለየዋል። ዘፋኙ ካሴላ ነው፣ የጥንት ወዳጁ። መጀመሪያ ፍቅሩን መለሰለት፣ ቀጥሎ በድምፁ አወቀው። ይህችን ቦታ ደጋግሜ አነበብኳት።

ደግሞ ይህን ሦስቴ ማቀፍ ከዳንቴ በፊት ቨርጂልም ጽፎታል፤ የግጥሙ ጀግና ኤኔያስ የሞተ አባቱን ሊያቅፍ ሲሞክር። ያው ቨርጂል አሁን እዚያው አጠገባቸው ቆሟል! ዳንቴ ግን ስለዚያ አንዲት ቃል አይተነፍስም።

ከዚያ «እስቲ ዝፈንልኝ» ይለዋል። ካሴላም የዳንቴን የራሱን ግጥም ያዜምለታል። ክንድ ያልቻለውን ድምፅ ቻለው። ቨርጂል ሳይቀር ሁሉም ፈዝዘው ያዳምጣሉ። ድንገት ጠባቂው ሽማግሌ ካቶ ደርሶ «ምንድን ነው ይሄ መዘግየት? ወደ ተራራው ሩጡ!» ብሎ ይቆጣል። ነፍሳቱም እህልና እንክርዳድ ሲለቅሙ እንደደነገጡ ርግቦች ብትን ይላሉ።

ብዙ ተንታኞች ለካቶ ይፈርዳሉ። እኔ አልችልም። ዳንቴ ራሱ የዚያ ዜማ ጣዕም ዛሬም ውስጤ ይሰማኛል ይላል። ይህን የጻፈው በ1302 ከፍሎረንስ ተሰድዶ፣ አገሩን ዳግም ሳይረግጥ በ1321 ራቬና ላይ የሞተ ሰው ነው። የወዳጅ ድምፅ ለስደተኛ ምን እንደሆነ እሱ ካላወቀ ማን ያውቃል?

አንቺስ ለማን ትፈርጃለሽ? አንብቢውና ጻፊልኝ። ካንቶ 4 ላይ ደግሞ ቤላኳ የሚባል ሌላ ወዳጁን ታገኛለሽ፤ ቋጥኝ ጥላ ሥር ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ፣ ስንፍናው ዳንቴን ፈገግ የሚያሰኝ። ስለ እሱ እንድናወራ እሁድ ከሰዓት እደውልልሻለሁ።

ያንቺው