ሰማያዊ ሁሉ ፍሳሽ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በወሎ ስላለው የአፈር ግድብ ባወጣችሁት ዘገባ፣ የግድቡን ውስጥ በኤሌክትሪክ ልኬት ከሚያሳየው ባለቀለም ሥዕል ሥር «ሰማያዊው ውሃ የሚሾልክበት ቀዳዳ ነው» ብላችኋል። እንዲህ ቢቀልማ ቀለም የለየ ሕፃን ሁሉ ግድብ መርማሪ በሆነ ነበር!

ሥዕሉ የወጣበት መሣሪያ ውሃ አያይም። በሁለት የብረት ካስማዎች ኤሌክትሪክ ወደ አፈሩ ይሰዳል፣ በሌሎች ሁለት ቮልቴጁን ይለካል። ሰማያዊ ማለት አፈሩ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል ማለት ብቻ ነው። እርጥብ ዋልካ ጠብታ ሳያሾልክ ኤሌክትሪክን የሚቃወምበት መጠን ከ10 ኦም ሜትር በታች ይወርዳል። በግድቡ ሆድ የተቀበረ የብረት ማስወጫ ቱቦም እንዲሁ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ የእናንተ «ቀዳዳ» ያረፈው ደግሞ ልክ ቱቦው በሚያልፍበት ነው። እንኳን ደስ አላችሁ፣ ቱቦውን አግኝታችሁታል።

በአንጻሩ ውሃ ደቃቁን አፈር አጥቦ ጠጠሩን ሲያስቀር ቦታው ኤሌክትሪክ በቀላሉ ስለማያሳልፍ ወደ ቀይ ሊያደላ ይችላል። በሥዕሉ ቀኝ ጥግ ያለውን ቀይ ጠያቂ አልተገኘም።

አንድ ልኬት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። 48 ካስማ በ2 ሜትር ርቀት ሲተከል መስመሩ 94 ሜትር ይሆናል፤ መሃሉ ላይ ከ15 እስከ 20 ሜትር ያህል ጥልቀት ያሳያል፣ ወደ ጫፎቹ ይሳሳል። የግድቡን ፊት በሚሸፍነው ድንጋይ ድርድር ላይ የተተከለ ካስማ ንክኪው ስለሚላላ ሥሩ የጨው ውሃ ይፈስበታል፤ ይህ ሲዘነጋ ሥዕሉ የሌለ ነገር ይፈጥራል። ከዚያም ካስማዎቹ በነበሩበት ነጥብ ተመልሰው፣ ግድቡ መስከረም ላይ ሲሞላና ግንቦት ላይ ሲጎድል ተለክቶ ልዩነቱ ይታያል። የውሃውን እንቅስቃሴ የሚጠቁመው ደግሞ የተፈጥሮ ቮልቴጅ ልኬት ነው፤ በአፈር ውስጥ የሚሄድ ውሃ ጥቂት ሚሊቮልት ይፈጥራል። ለዚህ ተራ የብረት ካስማ አይሆንም፣ የመዳብ ሰልፌት የተሞላ ባለሸክላ ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል። ያሞገሳችሁት የመሬት ውስጥ ራዳርማ እርጥብ ዋልካ ላይ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር ጥልቀት አያልፍም።

ከሁሉ የከነከነኝ ሌላ ነው። ከግድቡ ግርጌ የሚያርሱት ገበሬዎችና የመስኖውን ውሃ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባቶቻቸው በበጋ ሣሩ የት እንደማይደርቅ፣ የሚመነጨው ውሃ መቼ እንደሚደፈርስ ያውቃሉ። የደፈረሰ ውሃ አፈር ይዞ እየወጣ ነው፤ ከማንኛውም ቀለም በፊት የሚያስደነግጠው እሱ ነው። ዘጋቢያችሁ ግን ለስብሰባው አዳራሽ ቦታ ሲያገኝ ለእነሱ አንድ መስመር አጣ። በ«ቀዳዳው» ወሬ የመስኖው በር ተዘግቶ ሽንኩርታቸው ማሳ ላይ ሲጠወልግም ዜና አልሆነም።

ሥዕሉን እንደገና ካተማችሁት የቀለሙን መለኪያ፣ መስመሩ የተዘረጋበትን ቦታና የዕለቱን የውሃ ከፍታ ቆርጣችሁ አታስቀሩ። ቱቦውንም አመልክቱበት።

የመስኖ ግድብ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ