የንባብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሰባ አራት መጻሕፍት በተማሪዎች እጅ

የንባብ ክበባችን የ2017 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በጥቅምት ወር የመጀመሪያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በሁለተኛው ፎቅ ጥግ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ ዕለት ከቤቴ በሁለት ካርቶን ያመጣኋቸውን 74 መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ለአባላቱ አሳየሁ። ገሚሶቹን የወረስኩት ከአባቴ ነው። የቀሩትን ከደመወዜ እየቆጠብኩ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችና ክምራቸውን በክንዳቸው አቅፈው ከካፌ ካፌ ከሚዘዋወሩ አዟሪዎች ገዝቻቸዋለሁ። ከዚህ ቀደም ያዋስኳቸው ሦስት መጻሕፍት ሳይመለሱ ስለቀሩ፣ ለብዙ ዓመታት መጽሐፍ ለእንግዳ አሳያለሁ እንጂ አላውስም ነበር።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ ባለፈው ክረምት ያየሁት ነገር ነው። መጻሕፍቱን አቧራ ላራግፍ ሳወጣ፣ በጣም የምወደው አንድ የግጥም መድብል ከጀርባው በኩል በብል ተበልቶ አገኘሁት። ብል የሚመቸው ማንም የማይነካው፣ ብርሃንና ነፋስ የማይደርስበት ቦታ ነው፤ እኔም የመጽሐፍ መደርደሪያዬን ቁልፍ በኪሴ ይዤ፣ መስታወቱን በየሳምንቱ እየወለወልኩ ያን ቦታ ሳዘጋጅለት ኖሬአለሁ። መጽሐፉን ከገለጥኩት አሥራ አንድ ዓመት እንዳለፈኝ ያወቅኩት በመካከሉ ባገኘሁት የአውቶቡስ ቲኬት ላይ ካለው ቀን ነው።

ክበቡ ሲቋቋም አንድ ባልደረባዬ፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚሁ አራት ኪሎ እያለ 74 መጽሐፍ ምን ይፈይዳል ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ተማሪዎቻችን አብርሆት ይሄዳሉ፤ ለፈተና የሚዘጋጁትም በብዛት እዚያ ነው፤ እኔም ሂዱ እላቸዋለሁ። ይሁንና ልብ ወለድ አንብቦ የማያውቅ ልጅ በዚያ ሁሉ መደርደሪያ መካከል ሲቆም ከየት እንደሚጀምር ይቸግረዋል። በእኛ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን መጻሕፍት ግን ሁሉንም አንብቤአቸዋለሁ፤ ልጁ የትኛው ለእሱ እንደሚሆን ሲጠይቀኝ፣ ምን እንደሚወድ ጠይቄ አንዱን አንስቼ እሰጠዋለሁ፤ ካልጣመውም በሚቀጥለው ዓርብ ሳያፍር ይቀይረዋል።

መጻሕፍቱ ከክፍሉ ከመውጣታቸው በፊት ሁለት ዓርብ ሙሉ የሠራነው የመለበድ ሥራ ነበር። አባላቱ ያለፉት ዓመታት የግድግዳ ካሌንደሮችን ከየቤታቸው አምጥተው፣ ሥዕሉን ወደ ውስጥ፣ ነጩን ወደ ውጭ አድርገው ለበዱና የመጽሐፉን ርእስ በላዩ ላይ ጻፉ። ቀጥሎ የውሰት መዝገቡን ከፈትን። መያዣ ገንዘብ አልጠየቅንም። ደንባችን አንድ ብቻ ነበር፦ መጽሐፉን የጨረሰ ተማሪ ለሚቀጥለው ተዋሽ እጅ በእጅ ያስረክባል፣ ሲያስረክብም ስለ መጽሐፉ ጥቂት ይነግረዋል። በዚህ ደንብ ምክንያት የዓርብ ከሰዓቱ ክፍል ዝምታ አያውቅም ነበር፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው በየመስኮቱ ሥር ቆመው ሲነጋገሩ፣ አንዱ መጨረሻውን ሊናገር ሲል ሌላው አፉን በእጁ ሲይዝበት አይቻለሁ።

በመለበዱ ሥራ መካከል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት አባላችን የመጽሐፉን የፊት ገጾች ስታገላብጥ የማተሚያ ቤቱን ስም አነበበችና፣ «ይኼ እኛ በየቀኑ የምናልፈው ነው እንዴ?» አለች። እውነትም ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረ፣ ተማሪዎቻችን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ በአጥሩ ሥር የሚያልፉት ድርጅት ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም የየመጽሐፉን ማተሚያ ቤት ይፈልግ ጀመር፤ መዝገባችንም ሳናስበው አንድ ዓምድ ጨመረ።

ከሁሉም ረጅም ሰልፍ የነበረው በ1958 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የገጹ ብዛት ያስፈራቸዋል ብዬ ነበር፤ አላስፈራቸውም። ያዘገየው ሌላ ነገር ነው፦ መጽሐፉ ተማሪው ቤት ሲደርስ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ የሰሙ ወላጆችና አያቶች ይረከቡታል። አንዲት ተማሪ የመመለሻ ቀኗ ባለፈ ጊዜ «መምህር፣ እማማ አልጨረሱም» አለችኝ። እማማ የምትላቸው አያቷ ናቸው። በመዝገቡ ላይ የእሳቸውንም ስም ጻፍንና ሌላ ሁለት ሳምንት ጨመርንላቸው።

አሁን ስለ ጠፋው መጽሐፍ እጽፋለሁ፤ በዓመቱ ውስጥ ብዙ የተማርንበት እሱ ነውና። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አንድ አባላችን፣ ቤተሰቡ ከፒያሳ ወደ ከተማዋ ዳር ከተዛወረ ወዲህ ትምህርት ቤቱን መቀየር ስላልፈለገ በሁለት ታክሲ ይመላለሳል፤ ከሁላችንም ፈጥኖ የሚያነበውም በዚህ ረጅም መንገድ ምክንያት ነው። በጥር ወር አንድ ሰኞ መምህራን ክፍል በር ላይ ጠብቆኝ፣ መጽሐፉን ታክሲ ውስጥ ረስቶት እንደወረደ ነገረኝ። መጽሐፉ በ1960ዎቹ የታተመ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድብል ሲሆን፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የአባቴ ፊርማ በሰማያዊ ቀለም ነበረበት። አባቴ ሲያነቡ እርሳስ ከእጃቸው አይለይም፤ ትርጉሙ የሚያሳስት ቃል ሲያጋጥማቸው ከሥሩ አስምረው ፍቺውን በኅዳጉ ላይ ይጽፉ ነበር። በዚያ መጽሐፍ «ሠርክ» የሚለው ቃል ጎን «ምሽት ማለት ነው እንጂ ዘወትር ማለት አይደለም» ብለው ጽፈው ነበር።

በዚያ ምሽት ተቆጥቼም አዝኜም ነበር፤ መጻሕፍቱን ሁሉ ሰብስቤ ወደ ቤቴ ልመልስ አስቤም ነበር። ዓርብ ላይ በአባላቱ መካከል ክርክር ተነሣ፤ ይክፈል ያሉ ነበሩ፣ ከክበቡ ለአንድ ወሰነ ትምህርት ይታገድ ያሉም ነበሩ። ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ይቆጥር ነበር። በዚያው ሰዓት ከጠረጴዛው ሌላ መጽሐፍ አንስቼ በስሙ መዘገብኩለት፤ እንዳይጠፋበት የሚፈራ ልጅ ከዚያ በኋላ እንደማይዋስ አውቅ ነበርና።

ልጁ ግን በየቅዳሜው አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን ሲያስስ ከርሞ፣ በሚያዝያ ወር የዚያኑ መድብል ሌላ ቅጂ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሽፋኑ የለም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ የማናውቀው ሰው «ለእህቴ» ብሎ ጽፎበታል። ከገጽ 61 እስከ 64 ያሉት ሁለት ቅጠሎችም ተገንጥለው ወድቀዋል።

የጎደለውን ለመሙላት ከትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ተጽፎልን፣ አራት አባላትና እኔ ወደ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ብዙዎቻችን ወመዘክር ወደምንለው፣ ሄድን። ተቋሙ የተመሠረተው በ1936 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሀገራችን የሚታተሙ መጻሕፍት ቅጂ በሕግ የሚገባው እዚያ በመሆኑ መጽሐፉን አገኘነው። ገጾቹን ፎቶ ኮፒ ማስደረግ ይቻል እንደሆነ ልጠይቅ ስል ተማሪዎቹ በእጃችን እንገልብጠው አሉ። አራቱ አንድ አንድ ገጽ ተካፍለው፣ በመስመር አልባ ወረቀት፣ የመስመሩን ርዝመት ከኅትመቱ ጋር እያስተያዩ ሁለት ሰዓት ያህል ጻፉ። የአንደኛዋ ፊደል ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ የሌላው ደግሞ ገጹ እንዳይበቃው ስለሰጋ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። መጽሐፉን የጣለው ልጅ የጻፈው ገጽ 64ን ነው፤ የገጹን ቁጥር እንኳ እንደ ኅትመቱ ከግርጌው መካከል ላይ አስቀምጦታል። መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ወስደን ከእነዚህ ቅጠሎች ጋር አሰፋነው። «ሠርክ» የሚለውን ቃል ፈልጌ ከሥሩ በእርሳስ አሰመርኩና የአባቴን ፍቺ በኅዳጉ ጻፍኩ። ሌሎቹን ማስታወሻዎቻቸውን ግን አላስታውሳቸውም፤ ያ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚህ በተረፈ፣ ክበቡ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር በመተባበር በወር አንድ ጊዜ ጠዋት ላይ አጫጭር ምንባቦችን አሰምቷል፤ በግንቦትም አንድ የግጥም ከሰዓት አዘጋጅቷል። የታችኛው ክፍል ተማሪዎች ለዕድሜያቸው የሚሆን መጽሐፍ፣ ሌሎች ደግሞ በአፋን ኦሮሞ የተጻፉ መጻሕፍት ጠይቀውናል፤ በእኔ ስብስብ ውስጥ ሁለቱም ጥቂት ናቸውና ቅሬታቸው ትክክል ነው። ሁለት መምህራንና አንዲት ወላጅ የራሳቸውን መጻሕፍት በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ መዝገብ ለማዋስ ቃል ገብተውልናል።

ሰኔ ላይ መጻሕፍቱን ወደ ቤቴ አልመለስኳቸውም። ለክረምቱ 61ዱን ተማሪዎች ወስደዋል፣ ዘጠኙ ጠራዥ ዘንድ ናቸው፣ አራቱ ለመምህራን ተውሰዋል። አራት ገጹ በእጅ የተጻፈው መድብል አሁን ያለው እማማ ዘንድ ነው። ርክክቡ በመስከረም ወር ሁለተኛው ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያችው ጥግ ክፍል ይሆናል።