ሰባራ ድልድይን ጋኔን አልሰበረውም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ጎጃም «የሚያስፈሩ ጥንታዊ ቦታዎች» ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ ብቻዬን በስልኬ። ማታ ደግሞ ልጄ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። መሐል ላይ ቆም አለችና «አባዬ፣ የኛን ድልድይ ሰይጣን ነው እንዴ የሰበረው?» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በዚያች ጥያቄ ምክንያት ነው።

የደብረ ማርቆሱን ቤተ መንግሥት ነገር ልለፈው። ብቻ በሌሊት ኮቴ ይሰማበታል ብላችሁ ስትጽፉ፣ የማን ቤት እንደሆነ በአንድ መስመር መናገር ምን ያስቸግር ነበር? ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ሆነው የተሾሙ ሰው ናቸው። ከተማዋም መንቆረር የሚባል የቀድሞ ስም አላት። «ጥንታዊቷ ከተማ» እያላችሁ ያን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳችሁትም። ግሽ ዓባይንም «መንፈስ ያደረበት ምንጭ» ብላችሁታል። ሰው ከሩቅ አገር በእግሩ መጥቶ የሚጠመቅበት ጠበል ነው። አቡነ ዘርዐ ብሩክ ታስረው ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ እንደሰጡ፣ ሲመለሱም ውሃ ሳይነካቸው እንደተቀበሉ እዚያ ያለ ሕፃን ሁሉ ይነግራችሁ ነበር።

የኔ ጉዳይ ግን በዓባይ ላይ ስላለው ሰባራ ድልድይ የተጻፈችው ዓረፍተ ነገር ናት። «የአካባቢው ሰዎች እንደሚሉት ድልድዩን አጋንንት በአንድ ሌሊት ሰብረውታል» ትላለች።

የትኞቹ የአካባቢው ሰዎች? እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ። ከሞጣ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው መንገድ አድጌያለሁ። እንዲህ የሚል ሰው በዕድሜዬ አልሰማሁም። በጽሑፋችሁ ውስጥ አንድም የተጠየቀ ሽማግሌ የለም፤ አንድም ቄስ፣ አንድም ባለ አህያ ነጋዴ የለም። ሳትጠይቁን በኛ አፍ ተናገራችሁ።

ድልድዩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው። ከጎጃም ወደ በጌምድር የሚያሻግር የነጋዴና የተሳላሚ መንገድ ነበር። ጣልያን ሲገባ ግን ያ መንገድ የጠላት መንገድ ሊሆን ሆነ። አርበኞች መሐሉን ሰበሩት። የራሳቸውን ድልድይ፣ አባቶቻቸው የተሻገሩበትን፣ በገዛ እጃቸው። ለመሆኑ ፎቶውን አስተውላችሁ አይታችሁታል? ሁለቱም ዳር ቆሟል። የጠፋው የመሐሉ ቅስት ነው። ጦር እንዳይሻገር የሚፈልግ ሰው የሚቆርጠው ያንኑ ነው። ይህን ለማወቅ ዐይን ይበቃ ነበር።

ሲሰብሩት አብረው ወደ ውሃው የወደቁ አርበኞች እንደነበሩ በኛ አገር ይነገራል። አያቴ ስለ ድልድዩ ባነሳች ቁጥር መጀመሪያ «እነዚያን ልጆች ነፍሳቸውን ይማር» ትል ነበር። እናንተ አጋንንት ያላችኋቸው እነዚያን ልጆች ነው።

አያቴ የእስቴ ሰው ናት። ወደ ሞጣ ተዳረች። ዘመዶቿ ሁሉ በማዶ ቀሩ። ድልድዩ ከተሰበረ በኋላ መሻገሪያው ገመድ ነበር። ከወዲህና ከወዲያ ወንዶች ይቆማሉ። ተሻጋሪው ወገቡን ይታሰርና በክፍተቱ ላይ እየተጎተተ ያልፋል። እህሉም ፍየሉም እንዲሁ። እናቷ ስትሞት ለቅሶ የደረሰችው በዚያ ገመድ ተንጠልጥላ ነው። መሐል ላይ ስትደርስ ገመዱ ቆመ። ከታች ዓባይ ደፍርሶ ይጮኻል። «የሞጣው ጊዮርጊስ፣ ለእናቴ ቀብር አድርሰኝ» እያለች ዐይኗን ጨፈነች። ይህን ስትነግረን እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲህ እየተንጠለጠሉ ስንት ሰው ለቅሶና ሠርግ ደርሷል! በዚያ ቦታ የሚያስፈራ ታሪክ ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ። ቆይቶ አንድ አሜሪካዊ የዚያን ገመድ ፎቶ በመጽሔት አይቶ መጣና ከአገሬው ሰው ጋር በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ ተደፈነ። ያንንም ጎርፍ ወሰደውና ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ስለዚህም አንድ ቃል አልጻፋችሁም።

በረሃው አይፈራም አልልም። እኔም እፈራዋለሁ። በቀትር ብቻችሁን ወደ ወንዝ አትውረዱ ተብለን ነው ያደግነው። ቀትር ይለክፋል ይባላል። ስንወርድ «በስመ አብ» ሳንል አናልፍም ነበር። እናቶቻችን ግን ሌላም ያውቁ ነበር። በረሃው ወባ አለው፤ ፀሐዩ ያዞራል፤ ገደሉ ያዳልጣል፤ ዓባይ የያዘውን አይመልስም። በቀትር ፍራቻ ስንት ልጅ ከሞት እንደተረፈ እኔ አውቃለሁ። ይህን እምነት ብትጽፉት ደስ ይለኝ ነበር። የኛ ነውና። ድልድይ የሚሰብር ጋኔን ግን የኛ አይደለም፤ ከየት እንዳመጣችሁት እናንተ ታውቃላችሁ።

ፎቶውም ነገር አለ። በቀን የተነሳ ነው፤ የድንጋዩ ጥላ ያስታውቃል። እናንተ በኮምፒውተር አጨልማችሁ ጨረቃ ለጥፋችሁበታል። ልጄ ያየችው የመጀመሪያው የሰባራ ድልድይ ፎቶ ይህ ሆነ። አዲስ አበባ ስለተወለደች ቦታውን በእግሯ አልረገጠችውም። እኔ ስነግራት የኖርሁትን አንድ የተቀባ ጨረቃ አሸነፈው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ያችን ዓረፍተ ነገር አውጡና ድልድዩን የሰበሩት አርበኞች መሆናቸውን በዚያው ቦታ ጻፉ። ጨረቃዋንም አንሱልን። እኔ ለመጪው ጥምቀት ልጄን ወደ ሞጣ ይዣት እሄዳለሁ። አብረን እንወርዳለን፤ በጠዋት፣ ቀትር ሳይደርስ።

አንድ የሞጣ ተወላጅ
ከአዲስ አበባ