የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከቱቦው አፍ በታች

ክበባችን ዘንድሮ ችግኝ አልተከለም። ዓመቱን የያዘው ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ ያለው ቦረቦር ነው፤ አፈሩ ካልቆመ የሚተከለውን ሁሉ ሐምሌ ይዞት ይሄዳል።

ቦረቦሩ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ቱቦ አፍ ነው። ድሮ በዳገቱ ላይ ተበታትኖ ይወርድ የነበረውን ጎርፍ የመንገዱ ቦይ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ያወጣዋል፤ ውሃውም በፍጥነቱ እንዳለ ባዶ አፈር ላይ ይወድቃል። ጣጣው የቱቦው ጫፍ የሥራው ጫፍ ተደርጎ መታየቱ ነው።

የውሃውን ፍጥነት ለመስበር በቦረቦሩ ውስጥ ክትር፣ ማለትም ድንጋይ ተደርድሮ የሚሠራ ትንሽ ግድብ፣ በየርቀቱ ይሠራል። ለዚህ መጀመሪያ ተዳፋቱ ተለካ። የሚያስፈልገው ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት እንጨት፣ 10 ሜትር ሲባጎና ላይን ሌቭል (ሲባጎ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ) ብቻ ነው። ሌቭሉ ከሲባጎው እኩሌታ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ልኩ ይበላሻል፤ የ9ኛ ክፍሎች የመጀመሪያ ቀን ልኬት የተደገመው በዚህ ምክንያት ነው። በ10 ሜትር 80 ሳንቲሜትር ዝቅ አለ፤ 8 በመቶ መሆኑ ነው። የታችኛው ክትር ማፍሰሻ (ውሃው የሚሻገርበት የአናቱ ክፍል) ከላይኛው ግርጌ ጋር እኩል እንዲሆን ስለሚፈለግ፣ 60 ሳንቲሜትር ከፍታ ላለው ክትር 0.6 ለ0.08 ተካፍሎ 7.5 ሜትር ርቀት ተሰጠ።

በግንቦት ዝናብ ሁለተኛው ክትር ፈረሰ። የፈረሰው መሃሉ ሳይሆን ጎኑ ነው። አናቱ ቀጥ ብሎ ስለተደረደረ ውሃው ወደ ዳር ሸሽቶ የቦረቦሩን ግድግዳ ሸረሸረ፤ ድንጋዩም ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ ስለነበር ተንከባለለ። ሲታደስ ግራና ቀኙ 50 ሳንቲሜትር ወደ ግድግዳው ተቆፍሮ ገባ፣ መሃሉ ከዳሩ 30 ሳንቲሜትር ዝቅ ተደረገ፣ ጠርዝ ያለው ድንጋይ ተመረጠ፣ ትልልቁም ከሥርና ከማፍሰሻው ላይ ተቀመጠ። ውሃው የሚያርፍበት ቦታም በድንጋይ ተነጠፈ፤ ይህ ከተዘለለ ክትሩ ከግርጌው ተቆፍሮ ይወድቃል። (ዳገቱ ላይ ደመና ካለ፣ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም ቦረቦሩ ውስጥ መግባት ክልክል ነው።)

በሥሩ አፈር የሚይዘው የቬቲቨር ሳር ተከላው ለሰኔ መጨረሻ፣ አፈሩ በደንብ ሲርስ፣ ተይዟል። ቅጠሉ 20፣ ሥሩ 10 ሳንቲሜትር ሆኖ ይቆረጥና በየ15 ሳንቲሜትሩ ይተከላል፤ ሰፋ ካለ ጎርፉ በመሃሉ ያልፋል።

የቀረው የቱቦው አፍ ነው። እሱ በተማሪ ጉልበት አይሆንም፤ ጋቢዮን (በድንጋይ የሚሞላ የሽቦ ሳጥን) ይፈልጋል። የ10ኛ ክፍሎች ንድፉን ከነልኬቱ ሠርተው ለሚመለከተው ክፍል አስገብተዋል፤ ቅጂው በክበቡ ሰሌዳ ላይ አለ።