ለጄኔራል ቶማስ ጌጅ፣ 250 ዓመት የዘገየ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ጄኔራል ቶማስ ጌጅ
የእንግሊዝ ንጉሥ የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት አገረ ገዥ
ቦስተን

ጉዳዩ፦ ከእጅዎ ስለወጣው ሚሊሺያ

ክቡር ሆይ፣

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነዎት። ግን የባሩዱ ነገር ሁሌም ይከነክነኛል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1774 በማለዳ 260 ያህል ወታደሮች ላኩ። ዛሬ ሶመርቪል በምንላት ከተማ ካለው የድንጋይ ግምብ 250 ግማሽ በርሜል ባሩድ አስጫኑ። ግምቡ አሁንም መናፈሻ መሃል ቆሟል። አንድ ጥይት አልተተኮሰም፤ ባሩዱም የንጉሡ ነበር። በሕግ ከሄድን ጥፋት የለብዎትም። ወሬው ግን ከወታደሮችዎ ቀድሞ ሮጠ። ሰው ተገደለ፣ ቦስተን እየነደደች ነው ተባለ። በማግስቱ ካምብሪጅ በሺዎች በሚቆጠር ገበሬ ተሞላች።

እርስዎ በርሜል ሲቆጥሩ ሚሊሺያው በሌላ በር ወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከ16 እስከ 60 ዓመት ያለ ወንድ የራሱን ጠመንጃ ይዞ ለልምምድ ይወጣል። ሻምበሉ ጎረቤቱ ነው። የሻምበሉን የሹመት ወረቀት የሚፈርሙት ግን እርስዎ ነዎት። ያቺ ፊርማ ከሌለች ሚሊሺያው የማን ነው?

ዉስተሮች፣ ማለትም በዚያው ግዛት የዉስተር ወረዳ ሰዎች፣ ይህን ቶሎ ገባቸው። ሴፕቴምበር 6 ቀን ከ37 ቀበሌዎች 4,622 ሰው ወጥቶ ፍርድ ቤቱን ዘጋ። ሹማምንቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሰልፈኛው መሃል አለፉ፤ የለንደን ፓርላማ የግዛቱን ራስ አስተዳደር ለመቀነስ ያወጣውን አዲሱን ሕግ እንደማያስፈጽሙ ደጋግመው እንዲያነቡ ተደረገ። ለእኔ ይህ አይጥመኝም። ሰው ጎረቤቱን እንዲህ ሲያዋርድ ማየት ያሳቅቃል፣ ምክንያቱ ምንም ቢሆን።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ግን ብልህነት ነው። የወረዳው ጉባኤ የሚሊሺያ መኮንኖች ሹመታቸውን ይመልሱ አለ። ቀበሌዎቹም አዲስ መኮንን በምርጫ ያውጡ አለ። ኃይሉን በሰባት ሬጅመንት አዋቀሩት። ከሦስት ሰው አንዱ በደቂቃ ጥሪ የሚነሳ ይሁን አሉ። ሚኒትመን የተባሉት እነዚህ ናቸው። ብዙው ሰው፣ ጠመንጃው፣ የልምምዱ ሜዳ ያው ነው። የተለወጠው ሿሚው ነው።

እርስዎስ? ለኦክቶበር የጠሩትን ምክር ቤት ሰረዙ። ተወካዮቹ ግን ሳሌም ላይ ተገናኝተው ራሳቸውን የግዛቱ ኮንግረስ አሉ። ኦክቶበር 26 የዉስተሮችን ዘዴ በመላው ግዛት አወጁት፤ በእነሱ ስሌት ቢያንስ አንድ አራተኛው ለደቂቃ ጥሪ ይዘጋጅ። ቀጥለውም ግብሩ ለንጉሡ ገንዘብ ያዥ ሳይሆን ራሳቸው ለሾሙት ይከፈል አሉ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከባሩዱ ይልቅ ያቺኛዋ እንቅልፍ ትነሳኝ ነበር።

የቀረውን ያውቁታል። ኤፕሪል 19 ቀን 1775 የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ሲጀመር ሌክሲንግተን ላይ ከሚሊሺያው ስምንት ሰው ወደቀ። ወታደሮችዎ ከኮንኮርድ ሲመለሱ መንገዱ ግራና ቀኝ ተኮሰባቸው፤ በዚያች ቀን ብቻ 73 ሞቱብዎ።

ሌክሲንግተን ላይ ከቆሰሉት አንዱ ፕሪንስ ኢስታብሩክ ይባላል። ጥቁር ነው፣ ባሪያ ነው። ከጎረቤቶቹ ጋር ተሰልፎ ነው የቆሰለው። በወሩ የግዛቱ ኮንግረስ ያቋቋመው የደህንነት ኮሚቴ ባሪያ ወደ ጦሩ እንዳይገባ ወሰነ። ይህ እርስዎን አይመለከትዎትም፤ የሚመለከታቸው እንዲያዩት ግን ግልባጭ ልኬላቸዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለደህንነት ኮሚቴ
ካምብሪጅ